የዕረፍት ቀን በረካ፦ በኩዌት ገበያ፣ በባሕር ዳርና በአንድ ትሪ ዙሪያ

ኩዌት ውስጥ የአርብ ማለዳ በጸጥታው ይታወቃል። ጎዳናዎች ጭር ይላሉ፤ ሱቆች ዘግይተው ይከፈታሉ። ቀትር ሲሆን የኹጥባ ድምፅ ከሰፈር ሰፈር ይሰማል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግን ከተማዋ መልኳን ትለውጣለች። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ሰፊ ትሪ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ሲመሽም በባሕረ ሰላጤው ጎዳና ላይ በእግሩ የሚንሸራሸረው ሕዝብ ይበዛል።

ለዚህ አገር ቤተሰብ የአርብ ምሳ ከሆድ መሙያ በላይ ነው፤ ዝምድና የሚታደስበት ማዕድ ነው። በትሪው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ማችቡስ ነው። ሩዙ በሥጋ፣ በዶሮ ወይም በዓሣ መረቅ ይበስላል፤ የደረቀ ሎሚና ቅመማ ቅመም መዓዛውን ይሰጡታል፤ ዳቆስ የተባለው የቲማቲም ማባያም ከጎኑ ይቀመጣል። ከዓሣ ወገን ደግሞ ኩዌታውያን ዙበይዲን የሚያስበልጡት የለም። በቤት ሥራ የተሰማሩ ብዙ እህቶቻችን ይህን ሁሉ አሳምረው ማብሰል ያውቃሉ። ለራሳቸውና ለወዳጆቻቸው አብስለው፣ ተረጋግተው ተቀምጠው የበሉበት ቀን ግን ለአንዳንዶቹ ጥቂት ነው።

የዕረፍት ቀን ጉዳይ እንግዲህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በኩዌት በእ.ኤ.አ. 2015 የወጣው ቁጥር 68 የቤት ሠራተኞች ሕግ ለሠራተኛው ደመወዝ የሚከፈልበት ሳምንታዊ የዕረፍት ቀንና ዓመታዊ ፈቃድ ይሰጣል፤ የቀኑ የሥራ ጊዜም ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። በግል ድርጅቶች ለሚሠሩትም የ2010ሩ ቁጥር 6 የሥራ ሕግ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አስቀምጧል። ሕጉ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን በር አይከፍትም፤ መብቱን የሚያውቅ ሠራተኛና የሚያከብር አሠሪ ያስፈልጋል። ቀኑን በመልካም ስምምነት አስቀድሞ መወሰን፣ የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ማሳወቅ፣ መታወቂያን ከእጅ አለመለየት ለሁለቱም ወገን እፎይታ ነው። በአንጻሩ የዕረፍት ቀኗን የተነፈገች እህት ዝም ብላ እንድትኖር አትገደድም፤ አቤቱታዋን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል የማቅረብ መንገድ ተዘርግቶላታል።

ሌላው እንቅፋት ከራሳችን ልብ ይመነጫል። «እኔ እዚህ ስዝናና አገር ቤት ያሉት ምን ይላሉ?» የሚል ሐሳብ ስንቱን ከክፍሉ ሳይወጣ አስውሎታል። ለወላጅና ለታናናሾች መላክ ታላቅ ምግባር ነው፤ ጥያቄ የለውም። ነገር ግን ሳያርፍ የሚሠራ ሰው ቆይቶ ይታመማል፤ ሲታመም ደግሞ የሚልከውም ይቋረጣል። ሰልማን አልፋሪሲ ወንድሙን አቡ ደርዳእን ሊዘይረው በሄደ ጊዜ፣ በጾምና በሌሊት ሶላት ብዛት ራሱንና ቤተሰቡን ዘንግቶ ቢያገኘው፣ ጌታውም፣ ነፍሱም፣ ቤተሰቡም በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው አሳሰበው። ነገሩ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገራቸው የሰልማንን ቃል አጸደቁ። በአምልኮ እንኳ ሚዛን ከተፈለገ፣ በሥራማ ምንኛ ይፈለግ!

ደስታውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በሼኽ ሙባረክ አልሰባሕ ስም የሚጠራው የሙባረኪያ ገበያ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ማብቂያ ከፊሉ በእሳት ቢጎዳም፣ ዛሬም የቴምር፣ የቅመም፣ የሽቶና የጨርቅ መደብሮቹ ሰው አይለያቸውም። ምንም ሳይገዙ በመተላለፊያዎቹ መዘዋወር፣ ከዚያም በአንድ ስኒ ሻይ ዙሪያ ከጓደኛ ጋር ማውጋት ድካም ያስረሳል። በእ.ኤ.አ. 2015 የተከፈተው የሸሂድ መናፈሻ ዛፍና ውኃ ለናፈቀው ሰው በመሐል ከተማ ይገኛል። ከ1979 ጀምሮ ለጎብኚዎች ክፍት የሆኑትን የኩዌት ማማዎች ከሥራቸው ሆኖ ማየት ዋጋ የለውም፤ ትልቁ 187 ሜትር ከፍታ ስላለው ከሩቅም ይታያል። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ደግሞ ቆጥበው በሳልሚያ የሚገኘውን የሳይንስ ማዕከል የባሕር እንስሳት ማሳያ ቢያስጎበኟቸው፣ ወሬው ለወራት ከልጆቹ አፍ አይጠፋም።

የአየሩ ጠባይ ግን ሊዘነጋ አይገባም። በእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 ሚትሪባ በተባለው የኩዌት ሥፍራ 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። በሞቃታማዎቹ ወራት መውጫው ጊዜ ከመግሪብ በኋላ ነው። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ግን በረሃው ራሱ ይጋብዛል። ኩዌታውያን «ከሽታ» የሚሉት ሽርሽር ያን ጊዜ ይደምቃል፦ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ሥጋ ይጠበሳል፣ ሻይ ይፈላል። ዝናቡ ቀንቶት ከሆነ «ፈቅዕ» የተባለውን የበረሃ እንጉዳይ ከአሸዋው ውስጥ ፈልጎ የሚያወጣም አለ። ከሰሉን አጥፍቶ፣ ቆሻሻውን ሰብስቦ መመለስ የመልካም እንግዳ ምልክት ነው።

ይህ ልማድ ለኛ ሰው እንግዳ አይመስለውም። የኩዌቱ ቡና በትንሹ ተቆልቶ ሄል ይጨመርበትና ከደላ ወደ ፍንጃል ይቀዳል፤ ከቴምር ጋር ይቀርባል። የበቃው እንግዳ ፍንጃሉን ቀስ አድርጎ ያወዛውዛል። የኛው ደግሞ ጠቆር ብሎ ተቆልቶ፣ ጭሱ ለታዳሚው ዞሮ፣ በጀበና ፈልቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ይጠጣል። የሦስተኛው ዙር ስም እዚህ ሳይተረጎም የሚገባ ቃል መሆኑ ያስደስታል። ወሎ ላይ ቡና ተፈልቶ ዱዓ እንደሚደረግ፣ እዚህም በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት እህቶች ተሰብስበው ጀበና ቢጥዱ፣ አንዷ ሥራ አጥታ ስትጨነቅ ሌላዋ ትመክራታለች፤ የታመመችዋ ትጠየቃለች፤ አዲስ የመጣችዋ አገሩን ትለምዳለች። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የተባለው ለዚሁ ነው።

በሩቅ ያሉትንም ከማዕዱ ማራቅ አያስፈልግም። ኩዌትና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናቸው፤ እዚህ ምሳ ሲቀርብ ደሴም፣ ጅማም፣ አዲስ አበባም የምሳ ሰዓት ነው። ከጁምዓ በኋላ ስልኩን ከትሪው አጠገብ አስደግፎ ከእናት ጋር «ቢስሚላህ» ተባብሎ መጀመር የሚቻል ነገር ነው። እናት በየወሩ የሚላከውን ገንዘብ ትፈልገው ይሆናል፤ ልጇ ጠግቦ፣ ከወዳጆቹ ጋር ሲስቅ ማየትን ግን ከዚያ አታሳንስም።