ክብደት ስንቀንስ ለምን ይርበናል? ረሃብን የመግራት ሳይንስ

ክብደቱን ለመቀነስ የወሰነ ሰው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ብዙ ችግር ይወጣቸዋል። ቀበቶው ይላላል፤ ሚዛኑም ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ምግብ በዐይነ ኅሊናው ይመላለሳል፤ ትምህርቱን መከታተል ያቅተዋል፤ አንድ ምሽት ላይም ያገኘውን ሁሉ በልቶ በጸጸት ይተኛል። በዙሪያው ያሉ ሰዎች፣ አንዳንዴም እርሱ ራሱ፣ «ሆዳም» የሚል ስም ይሰጡታል። ሥነ ሕይወት ግን ለዚህ ክስተት ሌላ ማብራሪያ አለው። ክብደት በሚቀንስበት ጊዜ የሚበረታው ረሃብ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን አካል ራሱን የሚከላከልበት ሥርዓት ውጤት ነው። ይህን ሥርዓት የተረዳ ሰው ከረሃብ ጋር በጭፍን ከመታገል ይልቅ ሊገራው ይችላል።

ረሃብ የሚመነጨው ከየት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1912 የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እና ረዳቱ አርተር ዋሽበርን አንድ እንግዳ ሙከራ አደረጉ። ዋሽበርን በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ የታሰረ ፊኛ ውጦ የጨጓራው እንቅስቃሴ እንዲመዘገብ አደረገ። የረሃብ ስሜት የተሰማውም ጨጓራው በሚኮማተርበት ጊዜ ሆኖ ተገኘ። በዚህም ምክንያት ረሃብ የባዶ ጨጓራ ጩኸት ነው የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ዘመን ሥር ሰደደ። ይሁንና ጨጓራቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸው ሰዎችም ይርባቸዋል። ስለዚህ ዋናው መቆጣጠሪያ ሌላ ቦታ መሆን ነበረበት።

ያ ቦታ በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል ነው። ሃይፖታላመስ ከመላው አካል መልእክት ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጄፍሪ ፍሪድማን እና ባልደረቦቻቸው ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን ዘረ መል አገኙ። ሌፕቲን ከስብ ሕዋሳት ይመነጫል፤ የስብ ክምችቱ ምን ያህል እንደሆነም ለአንጎል ይናገራል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማ እና ኬንጂ ካንጋዋ በአብዛኛው ከጨጓራ የሚመነጨውንና የምግብ ፍላጎትን የሚቀሰቅሰውን ግሬሊን አገኙ። ግሬሊን በተለመደው የምግብ ሰዓት አቅራቢያ ይጨምራል፤ ከተበላ በኋላ ይቀንሳል። ሁልጊዜ በስድስት ሰዓት ምሳ የሚበላ ሰው ልክ በዚያው ሰዓት የሚርበው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው ሲከሳ እነዚህ መልእክቶች ይለወጣሉ። ሌፕቲን ይቀንሳል፤ ግሬሊን ይጨምራል። ሃይፖታላመስም ሰውየው የከሳው በችጋር ይሁን በገዛ ፈቃዱ ለይቶ አያውቅም። ትእዛዙ አንድ ነው፤ «ፈልግና ብላ» ይላል።

የሚኒሶታው ሙከራ

ይህ ትእዛዝ ምን ያህል ኀይለኛ እንደሆነ ያሳየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ጥናት ነው። በጦርነቱ የተራቡ ሕዝቦች እንዴት ሊያገግሙ እንደሚችሉ ለማወቅ የፈለጉት አንሰል ኪስ፣ በኅሊናቸው እምነት ምክንያት የጦር መሣሪያ ላለመያዝ የወሰኑ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃደኝነት መለመሉ። ሙከራው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1944 ተጀመረ። ወጣቶቹ በመጀመሪያ በቀን 3,200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ተመገቡ። ከዚያም ለ24 ሳምንታት ወደ 1,570 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ዝቅ ተደረገባቸው። ምግባቸው በአብዛኛው ድንች፣ ሥራ ሥር፣ ዳቦና ማካሮኒ ነበር። በየሳምንቱም 35 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ይጓዙ ነበር።

ወጣቶቹ የሰውነታቸውን ክብደት ሩብ ያህል አጡ። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን በአእምሯቸው ላይ የታየው ለውጥ ነው። ጭውውታቸው ሁሉ ስለ ምግብ ሆነ። ቀድሞ ስለ ወጥ ቤት ሥራ ደንታ ያልነበራቸው ሰዎች የምግብ አሠራር መጻሕፍትን መሰብሰብ ጀመሩ። ሳህን ይልሱ፣ ጥቂቷን ምግብ ለረጅም ጊዜ ያላምጡ፣ በትንሽ በትልቁም ይቆጡ ነበር። ገደቡ ሲነሣላቸው አንዳንዶቹ ጨጓራቸው እስኪወጠር በልተውም አልጠገቡም። እነዚህ ወጣቶች ለመርሓቸው ሲሉ የማኅበረሰቡን ንቀት የተቋቋሙ፣ ጽኑ ፈቃድ የነበራቸው ናቸው። በእነርሱ ላይ የደረሰውን በፈቃድ ድክመት ማስረዳት አይቻልም። በተጨማሪም 1,570 ኪሎ ካሎሪ ዛሬ ብዙ ሰዎች ለመክሳት ብለው ለራሳቸው ከሚመድቡት መጠን እንደማያንስ ልብ ይሏል።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ምክንያቱን አብራርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደዘገቡት፣ በ10 ሳምንት ጥብቅ ገደብ ክብደት የቀነሱ ሰዎች የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖች ከአንድ ዓመት በኋላም ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለእያንዳንዱ የተቀነሰ ኪሎ ግራም የምግብ ፍላጎት በቀን በ100 ኪሎ ካሎሪ ያህል እንደሚጨምር አሰላ። አምስት ኪሎ የቀነሰ ሰው፣ ራሱን ካልተቆጣጠረ፣ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ጨምሮ ለመብላት ይገፋፋል ማለት ነው።

እንዴት እንግራው?

የመጀመሪያው ዘዴ አለመቸኮል ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ግራም መቀነስ ለአብዛኞቹ አዋቂዎች በቂ ነው። የአንድ ወር ፍጹም ረሃብ ከሚያስገኘው ውጤት ይልቅ ለዓመታት ሊጸና የሚችል ልከኛ ቅነሳ ይበልጣል።

ሁለተኛው፣ ካሎሪን ቀንሶ የምግቡን ብዛት አለመቀነስ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲኖረው አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ብቻ አለው። ጨጓራ ሲለጠጥ ግን በቬገስ ነርቭ በኩል ለአንጎል የጥጋብ መልእክት የሚልከው በምግቡ መጠን እንጂ በካሎሪው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ እኩል ካሎሪ ያላቸው 38 ምግቦች በማጥገብ ኀይላቸው ሲነጻጸሩ አንደኛ የወጣው ቅቅል ድንች ነበር፤ ቅቤ የበዛበት ክሮይሰን ደግሞ የመጨረሻ ሆነ። በእኛ ማዕድ ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ብዛትን፣ አሰርንና ፕሮቲንን አንድ ላይ ይሰጡናል። ፕሮቲን ከሌሎቹ ንጥረ ምግቦች ይልቅ ያጠግባል። ነገር ግን ወጡ ላይ የሚፈሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ እንደሚጨምር መዘንጋት የለበትም።

ሦስተኛው እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ12 ወጣት ወንዶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ የተኙት ወጣቶች ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ቀንሶ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በፈተና ሰሞን ሲያነብ የሚያድር ተማሪ ብስኩት የሚያምረው ያለ ምክንያት አይደለም።

አራተኛው፣ በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበሩ ምግቦችንና የለስላሳ መጠጦችን መቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ20 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው፣ ከእነዚህ ምግቦች በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል አስበልጠው በልተዋል።

አምስተኛው ማዕዱን የሚመለከት ነው። በአንድ ትሪ አብሮ ሲበላ ምን ያህል እንደተበላ ማወቅ ያስቸግራል፤ «አፈር ስሆን» የሚለው ልመናም አለ። የባለቤትን ልብ ሳያስቀይሙ ለመብላት ቀድሞ ጥቂት መቁረስና በዝግታ መብላት ይበጃል፤ የጥጋብ መልእክት ከአንጀት ወደ አንጎል እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳልና።

መድኃኒቶችና ማስጠንቀቂያ

እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ለክብደት መቀነሻ የፈቀደችው ሴማግሉታይድ፣ ከአንጀት የሚመነጭን የጥጋብ ሆርሞን በመምሰል ረሃብን ያደክማል። ሆኖም መድኃኒቱን ያቋረጡ የአንድ ጥናት ተሳታፊዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው አግኝተዋል። ይህም ረሃቡ ተደብቆ ይጠብቅ እንደነበር ያስረዳል።

በመጨረሻም፣ መክሳት ለሁሉም አያስፈልግም። በማደግ ላይ ያሉ ወጣቶች፣ ነፍሰ ጡሮችና የስኳር ሕመምተኞች ያለ ሐኪም ምክር ምግብ መገደብ የለባቸውም። ራስን መሳት፣ የወር አበባ መቋረጥ፣ ከበሉ በኋላ ሆን ብሎ ማስመለስ ወይም ክብደትን በብርቱ መፍራት ከታየ ጉዳዩ ከአመጋገብ አልፎ ሕመም ሆኗልና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያሻል። ውድ አንባቢ፣ ገደብ ጀምሮ ያቋረጠ ጓደኛ ቢኖርዎት ከመውቀስዎ በፊት ምን ያህል እንደቀነሰ፣ ምን እንደሚበላና ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ይጠይቁት። መፍትሔው በአብዛኛው ከእነዚህ መልሶች ውስጥ ይገኛል።