የገዢን ዱካ ስለ መቍጠር

የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በሚገኝበት በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ሱቅ የያዘ ነጋዴ፥ ስንት ሰው ገብቶ ስንቱ ሳይገዛ እንደ ወጣ በዓይኑ አይቶ ያውቃል። በኢንተርኔት ሱቅ የከፈተው ግን ይህን የሚያውቀው ጉግል አናሊቲክስንና ሜታ ፒክስልን በመሳሰሉ የመከታተያ መሣሪያዎች ነው።

መሣሪያውን መትከል ቀላል ነው፤ ችግሩ ቍጥሩን እውነተኛ ማድረግ ነው። ገዢው ዕቃውን መርጦ ክፍያውን በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር ሲፈጽም፥ ወይም በስልክ ሲያዝ፥ ሽያጩ ከሱቁ ገጽ ውጭ ስለሚያልቅ ሳይገዛ እንደ ሄደ ሊቈጠር ይችላል። የምስጋናው ገጽ ሁለት ጊዜ ሲከፈት ደግሞ አንዱ ሽያጭ ሁለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ቍጥር ተመርቶ ለማስታወቂያ ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ይከስራል።

መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ መለያ ቍጥር መስጠትና የመሣሪያውን ቍጥር በየሳምንቱ ከሽያጭ መዝገቡ ጋራ ማመሳከር ነው። መሣሪያ ሲበዛም ገጹ ስለሚከብድ፥ የሚያስፈልገውን ብቻ መትከል ይበቃል።

ከዚህም በላይ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ያለ ሕጋዊ ምክንያት መሰብሰብን ይከለክላል። ስለዚህ ነጋዴው ምን እንደሚሰበስብና ለምን እንደሚሰበስብ አስቀድሞ ለገዢው በግልጽ ማስታወቅና ፈቃዱን መጠየቅ ይገባዋል። የንግድ መሠረቱ መተማመን ነውና።