«ነፃ» የሚለው በር

ጎንደር ላይ የፋሲል ግቢን ዙሪያ ለመዞር ክፍያ የለም። 900 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የድንጋይ አጥር ታክኮ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ከአጥሩ በላይ ብቅ ያሉትን ማማዎች በነፃ ያያል። ውስጥ ለመግባት ግን ትኬት ይቆረጣል። በስልክና በኮምፒውተር የሚጫወታቸው «ነፃ» የጀብዱ ጌሞችም በርና ትኬት አላቸው፤ እነሱ ግን ልጁን አስቀድመው ያስገቡታል። ጓደኛ ካፈራና ቦታውን ከለመደ በኋላ ነው ሒሳብ የሚጠይቁት።

መንገዱን ካስለመዱት አንዱ በ2005 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የተጀመረው «ክለብ ፔንግዊን» ነው። ልጁ ፔንግዊን ይመርጥና በበረዶ ደሴት ላይ ይዘዋወር ነበር፤ እየተጫወተ ሳንቲም ያጠራቅም ነበር። ይህ ሁሉ በነፃ ነበር። ሱቅ ሲገባ ግን አብዛኛው ልብስና የቤት ዕቃ ለአባላት ብቻ ሆኖ ያገኘው ነበር፤ የራሱ ሳንቲም እያለው መግዛት አይችልም ነበር። አባልነቱ አሜሪካ ውስጥ በወር ስድስት ዶላር ገደማ ነበር። በእርግጥ ጌሙ የሌሎች ድርጅቶችን ማስታወቂያ አያሳይም ነበርና ወጪውን የሚሸፍነው ይኸው ክፍያ ነበር። ያም ሆኖ ልጅን ለፍቶ ባገኘው ሳንቲም ማስጎምጀት ከባድ ነገር ነው። ዲዝኒ በ2007 ድርጅቱን በ350 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2017 ዘጋው። ልጆቹ ያስዋቧቸው ቤቶችም አብረው ጠፉ።

«ዊዛርድ 101» ደግሞ የሚያስከፍለው በታሪኩ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሰፈሮች በነፃ ያሳይና ጀብዱው ልብ ሲሰቅል በሩን ይዘጋል። ሮብሎክስ የተባለው የጌም መድረክ «ሮቡክስ» የሚባል የራሱን ገንዘብ ይሸጣል። ገንዘቡ ስሙን ሲቀይር ልጁ ስንት እንዳወጣ ለማወቅ ይቸገራል፤ አዋቂውም ቢሆን ማባዛትና ማካፈል ይጠበቅበታል።

ጎንደር፣ ዳባት ወይም ደባርቅ ላለ ልጅ ደግሞ ሌላ አጥር አለ። ዋጋው በዶላር ነው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይለመናል፣ ወይም ብር ተቀብሎ የሚሞላ ደላላ ይፈለጋል። ደላላው የጌሙን የይለፍ ቃል ከጠየቀ ወላጅ እዚያው ላይ ማስቆም አለበት። «ነፃ» የተባለው ጌም ራሱም ሲወርድና ሲታደስ የእናትን ፓኬጅ ይበላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ያለ መስመር የማይሠሩ ጌሞች ለወራት ዝም አሉ።

ሳያስፈቅዱ መግዛት በሀብታም አገርም ችግር ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. «ፎርትናይት»ን የሚሠራው ኤፒክ ጌምስ ተጫዋቾች ሳይፈልጉ ለተቆረጠባቸው ገንዘብ 245 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቷል፤ ያለ ወላጅ ፈቃድ የተገዛውም በዚያ ውስጥ ነበር። ስልኩ ላይ ካርድ የተመዘገበለት ቤተሰብ፣ እያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ በፕሌይ ስቶር ማስተካከያ ማዘዝ ይችላል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አገር ውስጥ የሚሠራ ጌምም አለ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለ የሩጫ ጌም ሠርቷል፤ ባለታሪኳ ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ ናት። ስሙን የጎንደር ልጅ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ድብብቆሽ ሲጫወት ዓይኑን ጨፍኖ የሚጣራው በዚሁ ቃል ነው፤ የተደበቁትም ቦታ እስኪይዙ ድረስ ገና አልነጋም ብለው ይመልሱለታል።