የአደጋ ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ

በመኪና አደጋ ተጎድተው ጠበቃ ሊያነጋግሩ ነው? የመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ በነፃ ነው። ጠበቃው የሚከፈለው ካሳ ሲገኝ፣ በአብዛኛውም የካሳውን አንድ ሦስተኛ ነው። ታዲያ ከመፈረምዎ በፊት «ድርሻዎ የሚታሰበው ወጪ ሳይቀነስ ነው ወይስ ከተቀነሰ በኋላ?» ብለው ይጠይቁ። ካሳው 30,000 ዶላር፣ ወጪው 3,000 ቢሆን፣ በመጀመሪያው ስሌት 17,000፣ በሁለተኛው 18,000 ይደርስዎታል፤ የሐኪም ዕዳ ካለ ከዚሁ ላይ ይነሳል።

የፖሊስ ሪፖርት፣ የሕክምና ደረሰኝና የታክስ ወረቀትዎን ይያዙ። የታክሲ ሹፌር ከሆኑ አይቀየሙኝ፤ ለታክስ ያላሳወቁትን ገቢ «ቀረብኝ» ብሎ ማስረዳት ጭንቅ ነው።

የራስዎን ጥፋት ከጠበቃዎ አይደብቁ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሕግ፣ ለአደጋው ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ ያደረገ አሽከርካሪ ካሳው ጨርሶ ሊቀርበት ይችላል። ክስ የማቅረቢያው ጊዜ እንደ ደንቡ በቨርጂኒያ 2፣ በሜሪላንድ 3 ዓመት ነው።