ለአሮጌ መኪና ትልቅ ሞተር

ጎጃም ውስጥ መኪና የሚመዘነው አቀበት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሚመጣ ሁሉ የአባይን በረሃ ያልፋል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል ይወጣል። ያን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ መኪና ያለው ሰው ጋራዥ ገብቶ “ትልቅ ሞተር ቢገባለትስ?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ጥያቄ ራሱን የቻለ ሙያ ወልዷል። ሸቭሮሌት በ1955 እ.ኤ.አ. 4.3 ሊትር የሆነ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አወጣ። ርካሽ ነበር፤ ለጉልበቱም ቀላልና ጠባብ ቦታ የሚበቃው ነበር። ወጣቶች ከተሰባበሩ መኪኖች እየነቀሉ በአሮጌ ፎርድና በሌላም መኪና ውስጥ ይገጥሙት ጀመር። ኩባንያው የሞተሩን የውጭ ቅርጽ ብዙም ሳይነካ ውስጡን እያሰፋ ሄደ፤ በ1967 ይዘቱ 5.7 ሊትር ደረሰ። ስለዚህ ትንሹ የነበረበት መኪና ትልቁን ያለ ብዙ ጣጣ ይቀበለዋል። በሞተር ቅየራ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ማረፊያቸውም ከካምቢዮ ጋር የሚጋጠሙበት ፊትም ይመሳሰላል።

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ሞተር የሚፈለገው ለጭነት ነው። የጃቢ ጠህናን በቆሎ፣ የቡሬ በርበሬ ከየቀበሌው ወጥቶ ገበያ መድረስ አለበት፤ ክረምት ላይ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር፣ ቡሬ 2100 ሜትር ገደማ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው ባስገባው አየር ልክ ስለሆነ፣ ፋብሪካው 130 የፈረስ ጉልበት ብሎ የመዘገበው ሞተር እዚህ ከ105 ብዙም አይዘልም። ተርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ይቀልለታል። ተርቦ የሌለው ያጣውን የሚያካክሰው በስፋቱ ብቻ ነው። የደጋ ባለመኪና ትልቅ ሞተር ሲፈልግ እንደ ቅንጦት ሊታይበት አይገባም፤ ከፍታው የወሰደበትን ነው የሚያስመልሰው።

ቀላሉ ቅየራ የቶዮታ ሃይሉክስ ነው። 2.4 ሊትር ናፍጣ ሞተር የነበረው አሮጌ ፒክ አፕ የዚያው ቤተሰብ የሆኑትን 2.8 እና 3 ሊትር ሞተሮች ይቀበላል፤ የሸቭሮሌቱ ታሪክ በትንሹ ሲደገም ማለት ነው።

ከባዱ የአሮጌው ላንድክሩዘር ነው፤ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተው፣ ክብ መብራት ያለው “አርባ”። የቤንዚን ሞተሩ፣ 3.9 ሊትሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ የተሠራው በሸቭሮሌት ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አርአያ ስለሆነ መኪናው በኮፈኑ ሥር የአሜሪካ ዘመድ አለው። ቤንዚን ግን ይጠጣል። ስለዚህ በብዙ የዓለም ክፍል ያሉ መካኒኮች እሱን አውጥተው ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣውን 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ዋን ኤች ዜድን፣ ያስገቡለታል። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የሰጠው ጉልበት ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ነው። ካንዴላም ካርቡራቶርም የለውም፤ ፖምፓው ኮምፒውተር አያውቅም፤ ከከተማ ርቆ ቢቆምም በመፍቻ የሚጠገን ነው። እኔ ለገጠር መንገድ ከዚህ የተሻለ ሞተር አላውቅም።

ሞተሩን በካቴና አንጠልጥሎ ማስገባት ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ማረፊያው በሻሲው ላይ በአዲስ መልክ ይበየዳል። ሞተሩና አሮጌው ካምቢዮ ካልተገጣጠሙ ቶርኖ ቤት መካከለኛ ሳህን ይሠራል፤ ካልሆነም ሞተሩ ከነካምቢዮው ይገዛል። ያኔ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ ርዝመቱ ይለወጥና ተቆርጦ ሚዛኑ ይስተካከላል። ፍሪሲዮኑ አዲሱን ጉልበት መቻል አለበት። ራዲያተሩ ይተልቃል፤ የፊት ባሌስትራው ይጠነክራል። ለናፍጣው ትርፉን ወደ ታንከር የሚመልስ ሌላ ቱቦ ይዘረጋለታል። አንዳንዱ የጃፓን ናፍጣ ሞተር ሞተሪኖው በ24 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ 12 ቮልት መኪና ላይ ሲመጣ ራስ ምታት ነው። ፖምፓው ለቆላ አየር ተስተካክሎ ከመጣም ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ናፍጣው መቀነስ አለበት።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ፍሬኑ ነው። የቤንዚን ሞተር እግር ከነዳጅ ሲነሳ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ ውስጡ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል፤ ፍሬን የሚያቀልለው ሰርቮ የሚሠራው በዚያ ስበት ነው። ናፍጣ ሞተር እንዲህ ያለ መዝጊያ የለውም። ቶዮታ ለናፍጣ ሞተሮቹ ትንሽ የአየር መሳቢያ ፓምፕ የገጠመው ለዚህ ነው። ሞተሩን ገዝቶ ይህን ፓምፕ የተወ ሰው ዳገቱን በደስታ ይወጣል፤ ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንበታል። ቀደም ያሉት አርባዎች ደግሞ በአራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ነው ያላቸው። 3 ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ80 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት በማርሽ ካልተያዘ ታምቡሩ ላይ ያርፋል፤ ታምቡሩ ሲግል ሸራው መያዝ ያቅተዋል። ትልቅ ሞተር ማለት ብዙ ጭነት ማለት ስለሆነ ችግሩ ይብሳል። ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃ ሰው መጀመሪያ የፊቱን ፍሬን ወደ ዲስክ ያስቀይር፤ ሞተሩ ይቆየው።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ ይመለከተናል። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በመኪና ላይ በሞተሩ መጠንና በዕድሜው የሚከብድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለውን መኪና ማቆየት ግድ ሆኗል፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ፈላጊም አያጣም። የሞተር ቁጥር ግን ከሻሲ ቁጥር ጋር ሊብሬ ላይ የሰፈረ ነው። በዓመታዊ ምርመራ ሁለቱ ካልተመሳከሩ ቦሎ መለጠፍ ጣጣ ስለሚሆን፣ ገዢ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ሞተሩ የጉምሩክ ወረቀት እንዳለው፣ ብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥርም እንዳልተፋቀ አጎንብሶ ማየት አለበት።