ክረምትን ያልቆጠረ መርሐ ግብር

በጎጃም፣ በቢቸና መረሬ አፈር ላይ ያነጸ ሰው፣ ማንኛውንም ግንባታ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መሠረቱ ሰኔ ሳይገባ ያልቃል?» ብሎ ነው። መረሬ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት የጭነት መኪና ይውጣል። የፕሮጀክት ማብቂያን የመተንበይ ሙያም ከዚህ ጥያቄ ጋር መገናኘት አለበት።

ሙያው በአራት እርከን አድጓል። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መሐንዲሱ ሄንሪ ጋንት ሥራን ከቀን ጋር የሚያሳይ የአግዳሚ መስመሮች ሠንጠረዥ አስለመደ። በ1957 እ.ኤ.አ. ዱፖንትና ሬሚንግተን ራንድ የተባሉ ኩባንያዎች አንድ ቀን ቢዘገዩ ፕሮጀክቱን በሙሉ የሚያዘገዩትን ሥራዎች የሚለይ ስልት አወጡ። በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳይል የተጠቀመበት ፐርት የተባለ ስልት መጣ። አንድ ሥራ ቢቀና 20፣ እንደ ወትሮው 30፣ ቢከፋ 70 ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ ፐርት የወትሮውን በ4 አባዝቶ፣ ከሁለቱ ጋር ደምሮ፣ ለ6 ያካፍላል፤ 35 ቀን ይሆናል።

አራተኛው እርከን ያለፈውን ይመረምራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. ዕቅድ አውጪ የተመሳሳይ ሥራዎችን ታሪክ ትቶ በራሱ ተስፋ ላይ እንደሚያተኩር አሳዩ። የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጀመር በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል ተብሎ ነበር፤ የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ለሚቀጥለው ግድብ ዕቅድ ከዚህ ታሪክ የተሻለ መነሻ የለም።

ሥራው ከተጀመረ በኋላስ? በቢቸና ወይም በሞጣ አካባቢ ከጥቅምት 1 እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ በስምንት ወር ሊያልቅ የታቀደ ትምህርት ቤት እናስብ። ጥር ሲያልቅ አራት ወር አልፎ የሦስት ወር ሥራ ብቻ ተሠርቷል፤ ፍጥነቱ የዕቅዱ 75 በመቶ ነው። ስምንትን ለ0.75 ስናካፍል 10.7 ወር ገደማ ይመጣል፤ ማብቂያው በነሐሴ 20 አካባቢ፣ ለመስከረም ትምህርት የሚደርስ ይመስላል።

ግን ስሌቱ ክረምትን አልቆጠረም። በዚያው ፍጥነት እስከ ግንቦት ተጨማሪ የሦስት ወር ሥራ ይገባል፤ የሁለት ወር ሥራ ይቀራል። ዝናቡ ሥራውን አቁሞ ከጥቅምት ከተቀጠለ፣ የሚያልቀው በታኅሣሥ 20 ገደማ ነው። በጥር የታየ የአንድ ወር መዘግየት የተማሪዎቹን መስከረም ወሰደ።

ስለዚህ የጥር ሪፖርት «75 በመቶ» ብሎ አይቁም፤ ከሰኔ በፊት የሚያልቀውንና ክረምቱን የሚያድረውን ለይቶ ይንገረን። ያኔ ሠራተኛ ለመጨመርና ድንጋዩን መንገዱ ሳይበላሽ ለማጓጓዝ ገና አራት ደረቅ ወራት አሉ።