በዩቲዩብ ሥራ ስለሚገኝ ገቢና ስለ አከፋፈሉ

በዛሬው ጊዜ ትምህርቱን ሲጨርስ፥ አንዳንዴም ሳይጨርስ፥ በኢንተርኔት ቪዲዮ እያቀረበ ለመተዳደር የሚያስብ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ሥራ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የተመልካች ብዛት ነው፤ ገንዘቡ ከማን ተነሥቶ በምን መንገድ ከሠሪው እጅ እንደሚደርስ ግን እምብዛም አይመረመርም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ዩቲዩብን በምሳሌነት ወስዶ ይህንኑ መንገድ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዩቲዩብ በ2005 ተመሠረተ፤ በ2006 ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ገዛው፤ ከማስታወቂያ ገቢው ለቪዲዮ አቅራቢዎች ማካፈል የጀመረውም በ2007 ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው፥ በዚህ ንግድ የሚሸጠው ቪዲዮው አለመሆኑ ነው። ተመልካቹ አይከፍልም። ከፋዩ ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ ሲሆን፥ የሚገዛውም የተመልካቹን ዐይንና ጊዜ ነው። ዋጋው የሚቈረጠው በነጋዴዎች ጨረታ ስለሆነ፥ የመግዛት ዐቅም ባለበት አገር የሚኖር ተመልካች ውድ፥ ዐቅም በሌለበት የሚኖረው ርካሽ ይሆናል። አንድ የአማርኛ ቪዲዮ በጎንደርና በዋሽንግተን እኩል ሰዓት ቢታይ፥ የዋሽንግተኑ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ገንዘብ ያስገኛል።

ከማስታወቂያው ገቢ ለመካፈል የተወሰነ ደንብ አለ። ሠሪው የሚኖርበት አገር ኩባንያው ካወጣው ዝርዝር ውስጥ መገኘት አለበት። ከዚህም ሌላ ቻናሉን 1,000 ሰዎች ሰብስክራይብ ማድረግና ቪዲዮዎቹ በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት፥ ወይም አጫጭሮቹ ቪዲዮዎች በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን ጊዜ መታየት ይኖርባቸዋል። አንድ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ቢመለከት፥ 4,000 ሰዓት ማለት ቪዲዮዎቹ 48,000 ጊዜ መታየት አለባቸው ማለት ነው።

ደንቡን ካሟላ በኋላ፥ በረጅም ቪዲዮ ላይ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 ከመቶው ለሠሪው፥ 45 ከመቶው ለኩባንያው ነው። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ፥ ከአሜሪካ ተመልካቾች በሚገኘው ድርሻ ላይ ኩባንያው የአሜሪካን መንግሥት ግብር ይቀንሳል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ውል ስለሌላት፥ በኢትዮጵያ የሚኖር ሠሪ የሚቀነስበት 30 ከመቶ ነው። እንግዲህ እናስላው፤ በአሜሪካ ተመልካቾች ምክንያት 100 ዶላር ቢከፈል የሠሪው ድርሻ 55 ዶላር ነው፤ ግብሩ 16.50 ዶላር ሲወጣ የሚቀረው 38.50 ዶላር ነው። የካሜራው፥ የኢንተርኔቱና የመጓጓዣው ወጪ የሚሸፈነው ከዚሁ ነው። ሒሳቡም 100 ዶላር ሳይሞላ አይከፈልም።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ ደንቡን የሚያወጣውም የሚለውጠውም ኩባንያው ብቻ መሆኑ ነው። ከ2017 ጀምሮ ለመካፈል የሚጠየቀው ቪዲዮዎቹ በጠቅላላው 10,000 ጊዜ መታየታቸው ነበር። በጥር 2018 ከላይ የተጠቀሱት የ1,000 ሰዎችና የ4,000 ሰዓት ልኮች ታወጁ፤ እዚያ ያልደረሱ ብዙ አነስተኛ ቻናሎችም ምንም ጥፋት ሳይገኝባቸው ክፍያው ቀረባቸው። ደመወዝተኛ ከሥራ ሲወጣ ቢያንስ የሚያመለክትበት ሕግ አለው፤ የእነዚህ ሰዎች ነገር ግን በአንድ ማስታወቂያ አለቀ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ሥራው ከንቱ መሆኑን አይደለም። እንደ ማንኛውም ንግድ ዋጋው በሌላ እጅ የሚቈረጥ መሆኑን ነው። ሠሪው የራሱ አድርጎ የሚይዘው ሙያውንና የተመልካቹን እምነት ብቻ ነው፤ በማስተማር፥ የራሱን ዕቃ በመሸጥ ወይም ከነጋዴ ጋር በቀጥታ በመዋዋል ሁለተኛ ገቢ ሊያገኝ የሚችለውም በእነዚሁ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ወይም ደመወዙን ለመተው የሚያስብ ሰው፥ አስቀድሞ የአንድ ዓመት ገቢውንና ወጪውን በመዝገብ ይጻፍ፤ የተመልካቹን ቍጥር ሳይሆን ከእጁ የገባውን ብር ይደምር፤ ውሳኔውንም ከዚያ በኋላ ያድርግ።